የድሮ ሃይሉክስ ከ80 በላይ ስትሄድ መሪውም ወንበሩም ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ሁለቴ አስደርጌም አልተወኝም

የሰቃ ልጅ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ በደንብ ካልነገርኳችሁ ግን መልሱም ልክ አይመጣም ብዬ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ደብል ጋቢና፣ በፈረንጅ 1996 የተሠራች፣ 2.8 ዲዝል፣ ፊቷም ኋላዋም በባልስትራ (ጭነት በሚሸከም ድርብርብ የብረት ሞላ)። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ከሰቃ ጮቆርሳ ማሳችን ጀንፈል ቡና ጭኜ ጅማ አስገባለሁ፤ በወር አንዴ ደግሞ እናቴን ለሕክምና አዲስ አበባ አደርሳለሁ። ወደ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ እናቴን ደግሞ ወገቧን ያማታል። መኪናዋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ፊቷ ሲጨማደድ በመስታወት አየዋለሁ፤ እሷ ግን አንድም ቀን አፍ አውጥታ ተናግራ አታውቅም።

ጅማ ከተማ ውስጥ፣ ከአጅፕ እስከ መርካቶ፣ ምንም የለባትም። ሰርቦን አልፌ መንገዱ ሲለቀቅልኝና 80 ስገባ መሪው እጄ ውስጥ ግራና ቀኝ መርገብገብ ይጀምራል። 90 ላይ ይብሳል፣ ወደ 100 ስጠጋ ደግሞ ቀለል ይላል። ሌላም አለ። ከወንበሬ ሥር የሚመጣ ደቃቅ ንዝረት 70 አካባቢ ይጀምርና ፍጥነት በጨመርኩ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ይሄኛው አይለቅም። ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ቤት እምምም የሚል ድምፅም አለው። አንድ የሚገርመኝ ነገር፣ ጀንፈል ጭኜ ስሄድ ይህ የወንበሩ ንዝረት በግማሽ ይቀንሳል፤ ባዶ ስሆን ነው የሚያስጨንቀኝ።

እስካሁን ባላንስ (የጎማ ክብደት ማመጣጠን) ሁለቴ፣ ኮንቨርጀንሳ (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አንዴ አሠርቻለሁ፤ የፊት ሾክ ሁለቱንም፣ የሞተር ሱፖርቶ (ሞተሩን የሚይዘውን ላስቲክ) አስቀይሬያለሁ። በየጋራዡ የሚነግሩኝ ይለያያል፣ ሁሉም እርግጠኛ ሆነው ነው የሚናገሩት። ለውጥ ግን የለም። አሁን ደግሞ መሪ ቦክሱን ቀይሪ እያሉኝ ነው፤ ከመክፈሌ በፊት እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፣ የጅማ መንገድ ሾፌር

እህቴ፣ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል አይተሽዋል? ከሰቃ ነው የምትመላለሺው፣ የዚያን አገር ጭቃ አውቀዋለሁ። ክረምት ላይ ቸርኬው ውስጥ ገብቶ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይሆናል። እኔ ከሊሙ ገነት ቡና ሳወጣ ደርሶብኛል፤ ከአንዱ ቸርኬ ብቻ እፍኝ ሙሉ ፈልፍዬ አውጥቻለሁ። ጎሚስታው ሳያጥብ ባላንስ ከሠራው ደግሞ ከነጭቃው ነው የሚመዝነው። ነገ ጭቃው ሲወድቅ ባላንሱም አብሮ ይወድቃል። መጀመሪያ በደንብ አሳጥቢና እንደገና አስለኪ።

መልስ፣ ያገለገለ ዕቃ አቅራቢ

መሪ ቦክስ ነው። አሮጌ ሃይሉክስ ሁሉ እንደዚያ ነው። ቀይሪውና ትገላገያለሽ።

መልስ፣ ጎሚስታ ከአጋሮ

መሪ ቦክስ ያለቀበት መኪና መሪው ላላ ብሎ ይወዛወዛል፣ መንገድ አይዝም። 80 ላይ ጀምሮ 100 ላይ የሚቀንስ ርግብግብታ ግን ከጎማ ነው የሚመጣው። ኮንቨርጀንሳም ቢሆን ከተበላሸ መኪናውን ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማ ይበላል እንጂ እንዲህ አያንቀጠቅጥም። ሾኩን ያስቀየሩሽ ሰዎች ገንዘብሽን ነው የበሉት፣ አዝናለሁ።

ባላንስ ክብደትን እንጂ ቅርጽን አያስተካክልም። የጎማው የውስጥ ሽቦ ከላስቲኩ ከተላቀቀ ጎማው ያብጣል፤ ማሽኑ ላይ የእርሳስ ክብደት ለጥፈው ዜሮ ቢያወጡትም መንገድ ላይ ይዘልላል። ለማወቅ ቀላል ነው። ሜዳ ቦታ አቁሚያት፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፊ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሺ። ከጎማው ፊት ድንጋይ አስቀምጪና ጫፉ ጎማውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አንድ እንጨት አጋድሚበት። ከዚያ ጎማውን በእጅሽ ቀስ አድርገሽ አዙሪ። ክፍተቱ እኩል ሆኖ ከዞረ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ እንጨቱን እየነካ ሌላ ቦታ ላይ የሚርቅ ከሆነ ጎማው አብጧል ወይም ቸርኬው ተጣሟል። እንደገና አዙሪና ዓይንሽን ቸርኬው ጠርዝ ላይ ብቻ አድርጊ፣ ያን ጊዜ የቱ እንደሆነ ይለያል።

የጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) የሚል ጽሑፍ ፈልጊ፤ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 2317 ካለ በፈረንጅ 2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያገለገለ ጎማ ስትገዢ ጥርሱን ብቻ አይተሽ አትታለይ። ያበጠ ጎማ ይዘሽ ጊቤ ሸለቆ እንዳትወርጂ፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምነግርሽ፤ ቁልቁለት ላይ ከፈነዳ ማዳኛ የለውም።

መልስ፣ የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ አንቺ የነገርሽን ሁለት በሽታ ነው። አንድ መድኃኒት ፈልገሽለት ነው የደከምሽው። መሪው ላይ ስላለው ጎሚስታው ልክ ብሏል፣ እሱን ስሚው።

ከወንበርሽ ሥር ያለው ሌላ ነው። ላስረዳሽ። 205 አር 16 ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 2.3 ሜትር ይሄዳል። 90 ላይ በሰከንድ 25 ሜትር ነሽ፤ ስለዚህ ጎማው በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይሄ እጅሽ ላይ ርግብግብ ብሎ የሚሰማሽ ነው፣ ልትቆጥሪው ምንም አይቀርሽ። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) የኋላ ጎማዎቹን ወደሚያዞረው ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ፣ እኛ ትራስሚሽን የምንለው፣ ከጎማው 4 እጥፍ ያህል ይፈጥናል፤ በሰከንድ ከ40 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ያ አይቆጠርም፣ እንደ ወፍጮ እምም ብሎ ነው የሚሰማው። በቃልሽ ነግረሽኛል እኮ።

ለማረጋገጥ፣ ሜዳ በሆነ፣ ከኋላሽ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ 85 ግቢና ለጥቂት ሰከንድ ማርሹን ዜሮ አድርጊው። ድምፁ ካልጠፋ ከሞተርና ከፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው ከሚያገናኘው) አይደለም፣ ከሚሽከረከረው ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ ይሄን በፍጹም እንዳታደርጊ። ደግሞ የፊት ሞዞዎቹ (የጎማ እምብርቶቹ) ላይ ያለው ማዞሪያ ፍሪ ላይ መሆኑን እዪ፤ ሎክ ላይ ከቀረ የፊቱ ዘንግም አብሮ ስለሚዞር ያሳስትሻል።

አሁን ሦስት ጥያቄ መልሺልኝ። ይሄ ነገር ከመቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት መኪናዋ ላይ ምን ተነካ? ኋላዋ ላይ ባልስትራ ተጨምሯል?

የሰቃ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ሳነብ ደነገጥኩ፤ አያይዤው አላውቅም ነበር። ሐምሌ ላይ ፍሪሲዮን አስቀይሬያለሁ። ካምቢዮውን አውርደው ነው የሠሩት። ንዝረቱን ያስተዋልኩት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እናቴን ይዤ ስሄድ ነው። የፊት ጎማዎቹን ደግሞ ያገለገሉ የገዛሁት በዚያው ሰሞን ነበር፤ ለዚህ ነው ሁሉንም በጎማው ያሳበብኩት። ባልስትራ አዎ፣ አባቴ በሕይወት እያለ ለቡናው ብሎ በየጎኑ አንዳንድ አስጨምሯል።

መልስ፣ የድሮ መካኒክ

በይ እንግዲህ እዚያው ነው ያለው።

ካምቢዮ ሲወርድ ትራስሚሽኑ ይፈታል። ዘንጉ መሀል ላይ በጥርስ የሚንሸራተት ክፍል አለ፣ ባልስትራው ሲወርድና ሲወጣ እንዲረዝምና እንዲያጥር። ሲያወርዱት ያ ክፍል ተመዞ ይወጣና መልሰው ሲከቱት ጥርሱ በየትም በኩል ይገባል። ጥንቁቅ መካኒክ ከመምዘዙ በፊት በቀለም ወይም በመሮ ምልክት ያደርጋል። ቸኩሎ የሠራ እንደመጣለት ይከተዋል።

ለምን ይጎዳል ብትዪ፣ ክሮቼራ (የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል መሰል መጋጠሚያ) ጎበጥ ብሎ ሲዞር ዘንጉን በአንድ ዙር ሁለቴ ያፈጥነዋል፣ ሁለቴ ያዘገየዋል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ይሄን እንዲያጠፋው ነው የተሠራው፤ የሚያጠፋው ግን የዘንጉ ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት፣ ክሮቼራዎቹን የያዙት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲቆሙ ብቻ ነው። ከተዛነፉ አንዱ የሌላውን ስህተት ማረም ያቅተዋል። ጭነት ላይ የሚቀንሰው ለዚህ ነው፤ ኋላዋ ሲጫን ዝቅ ይላል፣ የዘንጉ ጉብጠት ይቀንሳል። የተጨመረው ባልስትራ ባዶዋን ከፍ አድርጎ ስለሚያቆማት ነው ያባሰው እንጂ ለብቻው ጥፋተኛ አይደለም፤ አባትሽ ያስጨመረው ሐምሌ ላይ አይደለምና።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሚ፣ ሞተር አጥፊ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዢ፣ ከዚያ ከሥር ሆነሽ ሁለቱን ሹካዎች ተመልከቺ። ክሮቼራዎቹን በእጅሽ ወዝውዢ፤ ቆቡ ዙሪያ እንደ በርበሬ የቀላ የዝገት ዱቄት ካለ ደርቆ አልቋል። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ከሆነ ደግሞ መሀል ላይ የሚይዘው ሱፖርቶ አለ፣ ላስቲኩ ተቀድዶ እንደሆነ እዪ። ሞተር አስነስቶ፣ ኋላውን በክሪክ ሰቅሎ ከሥር የሚገባ ሰው ካጋጠመሽ አስቁሚው። በዚህ ሥራ ጓደኛ ቀብሬያለሁ።

የሰቃ ልጅ

ከ12 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ፣ የቡና ለቀማ ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ አሳጠብኳት። ከኋላ ቀኝ ቸርኬ የወጣው ጭቃ ብቻ አንድ ጣሳ ይሞላል። ከዚያ የአጋሮው ወንድሜ እንዳለው የፊቱን በክሪክ አንስቼ በእንጨት ለካሁ። የግራው እኩል ዞረ። የቀኙ አንድ ቦታ ላይ እንጨቱን ገፍቶ ጣለው። ቁጥሩን ሳይ 3114 ይላል። እናቴን ሦስት ጊዜ በዚያ ጎማ ጊቤን አውርጃታለሁ፤ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ሁለቱንም የፊት ጎማ በአዲስ ቀየርኩ፣ በታጠበ ቸርኬ ላይ ባላንስ ተሠራ። መሪው ጸጥ አለ። 90 ላይ በሁለት ጣት ይያዛል።

እምምታው ግን እንዳለ ነበር። አሰንዳቦ ጋ ሜዳው ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ሞከርኩ፣ አልጠፋም። የፊት ሞዞዎቹም ፍሪ ላይ ናቸው። ቤት መጥቼ ከአጎቴ ልጅ ጋር ከሥር ገባን። ጋሼ፣ መካኒክ መሆን አያስፈልገውም ነበር! አንዱ ሹካ ቆሟል፣ ሌላው ወደ ጎን ዘምሟል፣ ማንም ሰው ያየዋል። ከኋላ ያለው ክሮቼራ ደግሞ ያሉት ቀይ ዱቄት ነበረበት።

ሌላ ጋራዥ ወሰድኳትና እርስዎ የጻፉትን ለልጁ አነበብኩለት። አልተከፋም፣ በጥሞና ሰማኝ። አራቱን ቡሎን ፈታ፣ መዘዘው፣ ሹካዎቹን አሰልፎ መለሰው፣ የኋላውን ክሮቼራ ቀየረ፣ ግራሶ ሰጠው። በነጭ ቀለም ምልክት አድርግልኝ አልኩት፣ አደረገልኝ። ከሦስት ሰዓት አልበለጠም። ባዶ ስሄድ 95 ላይ ጆሮዬን ካቀናሁ በጣም ትንሽ ነገር አሁንም አለ፤ ስጭን ጭራሽ የለም። ባልስትራውን ላስነሳው ወይስ ልተወው?

ባለፈው ማክሰኞ አዲስ አበባ ሄድን። እናቴ ሰኮሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ወልቂጤ ስንደርስ ነው የነቃችው። በዚህች መኪና ከአባቴ ሞት ወዲህ ተኝታ አታውቅም።

መልስ፣ የድሮ መካኒክ

ደስ ብሎኛል ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ባልስትራው ይቆይ፣ ለቡናው ያስፈልግሻል። የዘንጉን ቡሎኖች ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመሽ አስጠብቂ፤ አዲስ ሲገጠም ላላ ማለት አለው። ግራሶውንም ዘይት በቀየርሽ ቁጥር አስሰጪ፣ በተለይ ክረምት ሲወጣ።

የሰቃ ልጅ

እሺ ጋሼ። የአሁኑን ኪሎ ሜትር ጽፌ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፌዋለሁ።