የአባቴ ሰውነት የካንሰር መድኃኒቱን አልቀበልም አለ፤ በሩ ተዘጋ ማለት ነው?

ጠያቂ (ናሽቪል፣ ቴነሲ)
ሰላም ወገኖቼ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር አለባቸው፤ ወደ ጉበታቸውም ተዛምቷል። ባለፈው ማክሰኞ ሴቱክሲማብ የሚባል የአንቲቦዲ መድኃኒት (የካንሰሩን ሴል ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው አሉን) ሊጀምሩ ገባን። መድኃኒቱ በደም ሥራቸው መግባት ከጀመረ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። መዳፋቸውን ማከክ ጀመሩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «ጉሮሮዬ» አሉኝና ድምፃቸው ጠፋ። ነርሷ ሮጣ መጥታ መድኃኒቱን ዘጋች፤ ጭናቸው ላይ ኢፒነፍሪን የሚባለውን የከባድ አለርጂ መድኃኒት ወጋቻቸው። ተመስገን፣ ተረፉልኝ።

ሐኪሙ ይህን መድኃኒት ከእንግዲህ አይወስዱም ብሎናል። ቀጠሯችን ሰኞ ነው። ሰውነታቸው የአንቲቦዲ መድኃኒት የሚባል ነገር ጭራሽ አይቀበልም ማለት ነው? እስከ ሰኞ እንዴት ብዬ እንደምቆይ አላውቅም።

የልጆች እናት (አዲስ አበባ)
እግዚአብሔር ይማርልህ ወንድሜ። ባለቤቴ የሊምፎማ (የደም ካንሰር ዓይነት) ታካሚ ነው። ሪቱክሲማብ ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን አንቀጠቀጠው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤለት አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። አቆሙለት፣ የትኩሳትና የአለርጂ መድኃኒት ሰጡት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀስ አድርገው ቀጠሉለት። ስድስቱንም ዙር ጨረሰ። አንተም ቀስ ተብሎ እንዲሞከርላቸው ጠይቅ።

ፋርማሲስት (ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ)
እህቴ፣ ባለቤትሽ በመጨረሱ ደስ ብሎኛል። ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። የእሱና የአባታችን ነገር ለየቅል ነው። ሪቱክሲማብ የካንሰሩን ሴሎች በአንዴ በብዛት ሲገድል ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያመጡ ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ። በመጀመሪያው ቀን በብዙ ታካሚ ላይ ይታያል፤ ቀስ ሲባል ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ጉሮሮ የዘጋና ኢፒነፍሪን ያስወጋ ግን ከባድ አለርጂ ነው። ያው መድኃኒት ቀስ ብሎም ቢሆን አይሞከርም። ሐኪማችሁ ልክ ነው።

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አባትህ ሥጋ በልተው ሲያድሩ ሌሊት ያሳክካቸዋል? መዥገርስ ነክሷቸው ያውቃል?

ጠያቂ
እንዴት አወቅክ? የፋሲካ ዕለት ማታ ክትፎ በልተው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቀሰቀሱኝ። ሆዳቸውና ጀርባቸው ላይ ሽፍታ ተነፍቶ ነበር። ሚጥሚጣው ነው ብለን ተውነው። መዥገርም አዎ። ከቤታችን ጀርባ ጎመን ይተክላሉ፤ ባለፈው በጋ ከባታቸው ላይ ሁለት ነቅዬላቸዋለሁ።

ፋርማሲስት (ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ)
እንግዲያው ሰኞን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ደውለህ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገረው። አልፋ-ጋል የሚባል ስኳር አለ። በበሬ፣ በበግ፣ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይገኛል፤ በሰው ውስጥ የለም። በእናንተ አካባቢ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት መዥገር ስትነክስ አንዳንድ ሰው በዚህ ስኳር ላይ አይጂኢ የሚባለውን የአለርጂ አንቲቦዲ ያመርታል። ከዚያ በኋላ ቀይ ሥጋ ሲበላ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይነሳበታል። ለዚህ ነው ሌሊት የሚሆነው።

ሴቱክሲማብ ደግሞ በአይጥ ሴሎች ውስጥ ስለሚመረት ይኸው ስኳር አለበት። በቀጥታ ደም ውስጥ ሲገባ ሰዓታት አይጠብቅም። ቀድሞ የተዘጋጀው የአይጂኢ ሠራዊት በደቂቃ ይነሳል። ይህ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ነገር ነው። በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና መድኃኒቱን ከወሰዱት ከባድ ምላሽ ያሳዩት 22 በመቶ ያህል ሲሆኑ በሌሎች የአሜሪካ ክፍሎች በጣም ጥቂት ነበሩ። ሰው ግራ ገብቶት ነበር። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ እነ ቶማስ ፕላትስ-ሚልስ ናቸው ምክንያቱን የደረሱበት።

ፓኒቱሙማብ የሚባል መድኃኒት አለ። የሚያነጣጥረው ሴቱክሲማብ በሚያነጣጥረው ቦታ ላይ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ የሰው አንቲቦዲ ነው፤ በሌላ ዓይነት ሴል ስለሚመረት ያ ስኳር የለበትም። በሴቱክሲማብ ክፉኛ ከተነሳባቸው ሰዎች ይህን ያለ ችግር የወሰዱ አሉ። «የአልፋ-ጋል የደም ምርመራ ይታዘዝልን፣ ፓኒቱሙማብስ ለእሳቸው ይሆናል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

የላብራቶሪ ሰው (ቦስተን)
በአንቲቦዲ መድኃኒቶች ላይ ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር። «ሰውነቱ አልቀበልም አለ» ሲባል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ይኼኛው ድምፅ የለውም። ሰውነት መድኃኒቱን እንደ እንግዳ ቆጥሮ በሳምንታት ውስጥ የራሱን አንቲቦዲ ይሠራበታል። አንዳንዱ መድኃኒቱን ይይዝና ከደም ቶሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒቱ ካንሰሩን የሚይዝበትን ጫፍ ይደፍንበታል። ታካሚው ምንም ላይሰማው ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ሙሉ በሙሉ የአይጥ ስለነበሩ ይህ ችግር ብዙዎቹን ከጥቅም ውጭ አድርጓቸዋል። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የወጡላቸውን ስሞች ልብ በሉ። «ክሲማብ» ከፊሉ የአይጥ ነው፣ «ዙማብ» አብዛኛው የሰው፣ እንደ ፓኒቱሙማብ ያለ «ዙ» የሌለበት «ኡማብ» ሙሉው የሰው። ይሁንና የሰው ሆነ ማለት ሰውነት ዝም ይለዋል ማለት አይደለም። ሁለቱም «ዙማብ» ሆነው፣ በአቴዞሊዙማብ በአንድ የሳንባ ካንሰር ጥናት ከ100 ታካሚዎች በ30 ያህሉ እንዲህ ያለ አንቲቦዲ ሲገኝ በፔምብሮሊዙማብ ግን በ2 ያህሉ ብቻ ነው የታየው። ተገኘ ማለት ደግሞ መድኃኒቱ መሥራት አቆመ ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ይህን በየጊዜው ከመመርመር ይልቅ ሲቲ ስካኑን የሚያዩት። ስካን ቀጠሮ አታሳልፉ።

የልጆች እናት (አዲስ አበባ)
ቀስ ይባል ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ። ሪቱክሲማብ ለሚጀምሩ ደግሞ፣ መጀመሪያ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መደረጉን አረጋግጡ። መድኃኒቱ ተኝቶ የቆየውን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ጠያቂ
ወገኖቼ፣ ውጤቱ መጣ። አልፋ-ጋል ፖዘቲቭ ነው። ሐኪሙ ፓኒቱሙማብ እንሞክራለን ብሏል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ይጀምራሉ። ኢፒፔንም (ራሳቸው የሚወጉት የኢፒነፍሪን መርፌ) ታዘዘላቸው። ክትፎና ጥብስ ቀርቷል። ዶሮና ዓሣ ተፈቅዷል። ንጥር ቅቤስ እንዴት ነው? አባቴ ሰው ባዩ ቁጥር የሚጠይቁት እሱን ነው።

ፋርማሲስት (ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ)
ወተትና ቅቤ የሚነሳባቸው አሉ፣ ብዙዎች ደግሞ ምንም አይሆኑም። ሕክምናው እስኪረጋጋ ዶሮ ወጡን በዘይት ሥሩላቸው። ቅቤውን ከአለርጂ ሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ትመልሱላቸዋላችሁ። ሐሙስ ማታ እንዴት እንደዋሉ ጻፍልን።

ጠያቂ
ሐሙስ ማታ ነው። ሙሉውን ወሰዱ። መዳፋቸውን እየደጋገምኩ ሳይ «ልጄ፣ አላከከኝም፣ ተቀመጥ» አሉኝ።