ዳኛ ልምረጥ ወይስ መሐንዲስ?

ኮምቦልቻ ውስጥ በግንባታ ሥራ ነው የምተዳደረው። ባለፈው ዓመት ለአንድ ነጋዴ መጋዘን ሠራሁ። ወለሉ በበሩ በኩል ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ሳንቲም ያስገባል። እሱ ጥፋቱ የኮንክሪቱ ነው ብሎ የመጨረሻውን 640,000 ብር ያዘብኝ። እኔ ደግሞ ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ጭነት መኪና አስገብቶበት ነው እላለሁ።

ውላችን ክርክሩ በግልግል ዳኝነት ይታይ ይላል። እሱ አንድ ዳኛ ይመርጣል፣ እኔ አንድ፤ ሁለቱ ደግሞ ሰብሳቢ ይመርጣሉ። ወንድሜ "ሽማግሌ ይበቃሃል" ይለኛል። ይሄ ግን እርቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት የሚሰጠው ውሳኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

መጀመሪያ በእኔ በኩል ዳኛ እንዲሆኑ ደሴ ያሉ አንድ ጠበቃ አነጋገርኩ። ሰኞ ገበያ አጠገብ ቡና እየጠጣን እሺ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን የነጋዴውን ውሎች የሚያዘጋጁት እሳቸው መሆናቸውን ሰማሁ። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ መግለጽ የዳኛው ግዴታ ነው። እሳቸው ትንፍሽ አላሉም። ተውኳቸው።

አሁን ሁለት ሰው ቀርቶኛል። አንዱ 20 ዓመት የፈረዱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ማስረጃ መመዘንና ውሳኔ መጻፍ ያውቁበታል፤ ያዩት ጉዳይ ግን በአብዛኛው ውርስና ፍቺ ነው። ሌላው ሲቪል መሐንዲስ ነው። የስንጥቁን ፎቶ እንዳየ "ስንት ቀን ውኃ አጠጣችሁት?" አለኝ። ግልግል ላይ ግን ተቀምጦ አያውቅም። ዳኛውን መርጬ መሐንዲሱን በባለሙያ ምስክርነት ላቅርብም ብዬ አስቤያለሁ።

ምርጫዬን በጽሑፍ ለማሳወቅ 9 ቀን ቀርቶኛል። በግንባታ ጉዳይ ግልግል ያያችሁ፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ከሁለቱ ማንን በዳኝነት ታስቀምጡ ነበር?