የ10 ወሩ ልጄ ሌሊት እየነቃ እህቱንም እንቅልፍ ነሳት፣ ምን ላድርግ?

እናቶችም አባቶችም እባካችሁ ሃሳብ ስጡኝ። ወንዱ ልጄ 10 ወሩ ነው፣ ድሮ ሌሊት አንዴ ነቅቶ ጠብቶ ይተኛ ነበር፣ አሁን ግን በየሰዓቱ ነው ማለት ይቻላል፣ ጡት አፉ ውስጥ ካልገባ ደግሞ አይተኛም፣ ተኛ ብዬ ላስቀምጠው ስል ጀርባው ፍራሹን እንደነካ አይኑ ቦግ! ትኩሳት የለውም፣ ጥርስ ይሆናል ብዬ ድዱን አየሁት ያበጠ ነገር የለም፣ ቀን ላይ ደህና ይበላል። በዚህ እድሜ ከእናት መለየት መፍራት ይጀምራሉ ይባላል፣ ሽንት ቤት ስገባ እንኳን በሩ ስር ቁጭ ብሎ ስለሚያለቅስ እኔም እሱ ነው የሚመስለኝ።

የከበደኝ ግን የ11 ዓመት እህቱ ነገር ነው። ሁላችንም አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። በሷ እድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለባቸው፣ እሷ 7 ካገኘች ተመስገን ነው፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ተርብ ነው የምትናደፈው (ደግነቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ የምትስመው እሱኑ ነው፣ እሱም ከልቡ የሚስቀው ለሷ ብቻ)። ስለዚህ "ትንሽ ያልቅስ ይለምደዋል" የሚለው ምክር ለኛ ቤት አይሆንም፣ እሱ ሲያለቅስ እሷም ትነቃለች።

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጅ የምታስተኙ፣ ጡት ሳይዝ እንዲተኛ እንዴት አለማመዳችሁት? የቀን እንቅልፉን ባሳጥርበትስ፣ ወይስ የባሰ ያነጫንጨዋል? አባቱ ሌሊት ተነስቶ እንዲያባብለው ያደረጋችሁ ካላችሁም ሠርቶላችኋል?