ወደ ኮሃ ስንዛወር የደራሲ ስም ኦቶሪቲ ሪከርድ (የአንድን ደራሲ ስም አጻጻፎች በአንድ የሚይዘው መዝገብ) እንዴት ይሁን?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው። ላይብረሪያችን ከድሮው ሶፍትዌር ወደ ኮሃ፣ ነፃው የላይብረሪ ሶፍትዌር፣ ሊዛወር ነው፣ የደራሲ ስም ግን በጣም አስጨነቀኝ፤ የኛው የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ እንኳን አንዱ ጋ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ ጋ በሀሌታው ሀ፣ በላቲን የገባው ደሞ አባቱን አስቀድሞ፣ ተማሪ ሲፈልግ ግማሹን ነው የሚያገኘው። ላጽዳና ላስገባ ወይስ አስገብቼ ላጽዳ?

መልስ 1፦ እህቴ ቀድመሽ አጽጂ። እኛ ባህር ዳር ስሞቹን ብቻ ኤክሴል ላይ አውጥተን ለአንድ ሰው አንድ ሪከርድ አረግን፣ ዋናው ስም ፊልድ (የሪከርዱ በቁጥር የሚጠራ ክፍል) 100 ላይ፣ የቀረው አጻጻፍ ሁሉ ላቲኑም ጭምር 400 ላይ። አንዱንም እንዳትጥዪ፣ ተማሪውን በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ወደ ዋናው የሚመራው እሱ ነው። ደሞ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና በራሱ ስም ጀምሪ፣ የ100 የመጀመሪያዋ ኢንዲኬተር (ስሙ በምን እንደሚጀምር የምትነግረው ምልክት) 0 ትሁን።

መልስ 2፦ ትክክል፣ ሲገባም ኦቶሪቲው ይቅደም መጽሐፉ ይከተል። ኮሃ መጽሐፉን ከስሙ የሚያያይዘው በንዑስ ፊልድ 9 ቁጥር ስለሆነ የድሮ ሶፍትዌርሽ እዛ ላይ የጻፈው ካለ አጥፊው፣ አለዚያ መጽሐፉ ከሌላ ሰው ጋ ይያያዛል። ኦቶሪቲ በራሱ እንዲፈጥር የሚያረገውን ሴቲንግም ለጊዜው ዝጊው፣ ከዛ መጽሐፎቹን ከኦቶሪቲው የሚያያይዘውን የኮሃ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) አስኪጂ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ስማቸው ከነአባት አንድ የሆኑ ሁለት ደራሲዎችስ?

መልስ 1፦ የትውልድ ዓመት በንዑስ ፊልድ ዲ ይለያቸዋል፣ ብቻ የኛ አቆጣጠርና የፈረንጁ እንዳይቀላቀል፣ አንዱን ይዘሽ ዝለቂ።