ሲቪል ስሪ ዲ ላይ የከርብስቶኑ ማዕዘን አልገጥም አለኝ

ሰላም ጓዶች፣ በሲቪል ስሪ ዲ (የመንገድ ዲዛይን ሶፍትዌር) የቲ ቅርጽ ያለው የመንገድ መገናኛ እየሠራሁ ነው። ቀጥታው ላይ ከርብስቶኑ (የመንገዱ ዳር ድንጋይ) ምንም አይልም። ጣጣው ማዕዘኑ ጋ ነው። የመታጠፊያው ራዲየስ 8 ሜትር ነው፤ መጀመሪያ ኩርባው ተሰባብሮ ይታይ ነበር። ፍሪኩዌንሲውን (ሞዴሉ በየስንት ሜትሩ እንደሚሰላ) ወደ 1 ሜትር ሳወርደው ክብነቱ ተስተካከለ።

ከፍታው ግን እምቢ አለ። ኩርባው አልቆ ዋናውን መንገድ በሚነካበት ነጥብ ላይ ከርብስቶኑ 12 ሴንቲሜትር ይዘላል። (ዝናብ ሲመጣ ውሃው የት ሊሄድ ነው?) ለማዕዘኑ የራሱን አላይንመንት (ከላይ ሲታይ ያለው መስመር)፣ ፕሮፋይል (በመስመሩ ላይ ያለው ከፍታ) እና ቤዝላይን (ሞዴሉ የሚገነባበት መነሻ መስመር) ሰጥቼዋለሁ። የሌኑ ታርጌትም (የመኪና መሄጃው ንጣፍ እንዲደርስበት የሚመረጠው መስመር) የሁለቱ መንገዶች መሃል መስመር ነው፤ አላይንመንቱም ፕሮፋይሉም።

የምጠረጥረው የማዕዘኑን ፕሮፋይል ነው። ጫፎቹ የአስፋልቱን ጠርዝ ከፍታ በራሳቸው የሚከተሉ አይመስለኝም። እናንተ ከፍታውን በእጅ ነው የምታስገቡት ወይስ ከኮሪደሩ (ከመንገዱ 3ዲ ሞዴል) ፊቸር ላይን (ከፍታ ያለው መስመር) አውጥታችሁ? ዋናው መንገድ ሲቀየር አብሮ የሚቀየር መላ ካለ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።