የብረት ማዕድን ባቡር በጓሮ ሐዲድ ላይ፦ ጭነቱ ምን ያህል ይክበድ?

ጥያቄ (ጓሮ ሐዲድ)

በጓሮዬ ባለው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ላይ በ1፡29 ስኬል (ከእውነተኛው 29 ጊዜ አንሰው) የተሠሩ ሃያ አጫጭር የማዕድን ፉርጎ ሞዴሎችን በአንድ ባቡር ቀጥዬ ለማስኬድ አስቤአለሁ። መስመሬ በአንድ በኩል 2 በመቶ አቀበት ያለው ሲሆን፣ ጠባቡ ኩርባ 1.5 ሜትር ራዲየስ አለው። ባዶዎቹ ፉርጎዎች ኩርባውን እየዞሩ ሲወጡ ከመሐል ያሉት ወደ ውስጥ ተስበው ይወድቃሉ። ሁሉንም በእውነተኛ ድንጋይ ብሞላቸው ችግሩ ይፈታል? መልኩስ የበለጠ እውነተኛ ይሆናል?

መልስ (ቀስ በል)

ድንጋዩን ተወው። ክብደት የሚቀንሰው በስኬሉ ሦስተኛ ርቢ ስለሆነ፣ ተጭኖ 90 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በ1፡29 ሲሠራ 3.7 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን ይኖርበታል፤ ሃያው ከ70 ኪሎ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ባቡር በአቀበትህ ላይ ለመሳብ ለዳገቱ ብቻ 1.5 ኪሎ ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ የጎማውና የኩርባው ሰበቃ ገና አልተቆጠረም። ከሎኮሞቲቩም በፊት የፕላስቲክ ማያያዣዎቹ እጅ ይሰጣሉ።

እኔ የምመርጠው እያንዳንዱን ፉርጎ ከአንድ ኪሎ ሳያልፍ፣ ሁሉንም እኩል አድርጎ፣ ክብደቱን ከወለሉ ላይ ማሳረፍ ነው። ፉርጎዎቹ እኩል ካልመዘኑ ቀላሉ ሁልጊዜ ከመሐል ይወጣል። ከክብደቱ በላይ ፎም ቆርጠህ አስገባና ላዩን ብቻ በተፈጨ ድንጋይ ሸፍነው። የፕላስቲክ ጎማዎችህን በብረት ብትቀይራቸው ደግሞ ተጨማሪ ክብደቱ ከሐዲዱ አጠገብ ስለሚያርፍ ባዶው ፉርጎ እንኳ ይረጋል።

መልስ (ቁልቁለት)

በክብደቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን እውነተኛነቱን በይበልጥ የሚወስነው ባቡሩ ወዴት አቅጣጫ ምን ጭኖ እንደሚሄድ ነው። ከስዊድኗ ኪሩና ወደ ኖርዌይ ወደብ ናርቪክ የሚወርደው የብረት ማዕድን ባቡር ተጭኖ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። በአሜሪካዋ ሚኒሶታም ከሜሳቢ የማዕድን አካባቢ ወደ ዱሉት ወደብ የሚሄደው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሙሉዎቹ አቀበትህን እንዲወርዱ፣ ባዶዎቹ እንዲወጡ አድርገህ መስመርህን አስብ፤ የተጫነ ባቡር ሳያራግፍ ክቡን ሲዞር መዋሉ የትም የማይታይ ነገር ነው። ለዚህም ክብደቱን ከፎሙ በታች አጣብቀህ ጭነቱን አንድ ላይ ተነቃይ አድርገው፤ ከላይኛው ድንጋይ ሥር ትንሽ የብረት ቁራጭ ከቀበርክ በማግኔት አንሥተህ ታወጣዋለህ።

ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ከኋላ እንዲገፋ ለማድረግ እንዳትቸኩል። ባዶ ፉርጎዎች በጠባብ ኩርባ ላይ ሲገፉ ወደ ውጭ ይወጣሉና ሁለቱንም ከፊት ብታደርጋቸው ይሻላል። ፍጥነቱንም ቀንስ፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በዚህ ስኬል በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ እያንዳንዱ ፉርጎ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሃያው ባቡር አንድን ነጥብ ለማለፍ 13 ሰከንድ ይፈጅበታል። ብዙዎቻችን ከዚህ እጥፍ በላይ እናስሮጣለን።

መልስ (ጥቁር ጠጠር)

ስለ መልኩ አንድ ነገር ልጨምር። በሜሳቢ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ መጫን የጀመረውና ኋላ የበዛው ታኮናይት የተባለው፣ ዲያሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ድቡልቡል እንክብል ነው። በ1፡29 ይህ ከ0.4 ሚሊ ሜትር በታች ስለሚሆን ጠጠር ሳይሆን በወንፊት የተነፋ ደቃቅ ጥቁር አሸዋ ያስፈልግሃል። የቀድሞውን ጥሬ ማዕድን ከፈለግህ ግን ቀይ ቡናማና ቅርጹ ያልተስተካከለ አድርገው።

ፉርጎዎቹ ያጠሩትም ማዕድኑ ከባድ በመሆኑ ነው፤ ለድንጋይ ከሰል በተሠራ ረጅም ፉርጎ ሲጫን እስከ አፉ አይሞላም፤ በሁለቱ ጫፍ ካሉት ጎማዎች በላይ በሁለት ክምር ብቻ ይቀመጣል። ዝናብ ስለማይቀር ውኃ የማይፈታው ማጣበቂያ ተጠቀም፤ ፉርጎው ውኃ ይዞ እንዳይከብድም ከወለሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ።