በገዛ መሬቱ ለሠራው እርከን ይከፈለው?

ዶማ፦ ትናንት ሸማች የሚባለው ሰውዬ «ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ እርከን ሲሠራ መንግሥት መክፈሉ ስንፍና ማስተማር ነው» ብሎ ጽፎ ሄደ። እስኪ ይመለስና ይንገረን። ጥር ላይ ከአውድማ ሳያርፍ ለአፈር ጥበቃ ዘመቻ ተጠርቶ ለሳምንታት በነጻ ድንጋይ የሚሸከመው ነው ሰነፉ? አበል ከሌለ ስብሰባ የማይገባውስ ምን ይባል?

ሸማች፦ አለሁ፣ የት እሄዳለሁ። በደርግ ጊዜ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረ ስንት ተራራ ተቆፈረ? 1983 ላይ መንግሥት ሲወድቅ በየቦታው ያንኑ እርከን አፈረሱት፣ ዛፉንም ጨፈጨፉት። ሰው በስንዴ የሠራውን የእኔ አይልም።

የወሎዋ፦ ያስፈረሰው ስንዴው አይደለም። ተራራው ሲከለል ከብቱ የት ይሰማራ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ደግሞ «በገዛ መሬቱ» ስትል አሳቅከኝ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 አንብበው እንጂ። ለመሸጥ ሲሆን የመንግሥትና የሕዝብ፣ ለመቆፈር ሲሆን የገበሬው?

ሸማች፦ የይዞታ ደብተር አለው። አፈሩ ሲታጠብ የሚቀንሰው የማን ምርት ነው?

ዶማ፦ የእሱ ብቻ አይደለማ! የቆቃን ግድብ ደለል የሞላው ከላይ ከየማሳው የታጠበ አፈር ነው። መብራቱ ግን ለከተሜው ነው። ለገበሬው የሚተርፈው ጠባብ ማሳውን እርከን ሲሻማው፣ አይጥም ሲራባበት ማየት ነው።

ጋሽ ነቃሽ፦ ቆቃ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ መሆኑን ግን ታውቃላችሁ?

ዶማ፦ ጋሼ፣ እሱን ማን ጠየቀ?

ልማት ጣቢያ፦ ቀበሌ ላይ የሠራሁ ነኝ። ሴፍቲኔት የሚባለው፣ ለምግብ የሚቸገረውን የሚረዳው ፕሮግራም፣ ከ1997 ጀምሮ ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን እየቆጠረ ያሠራል፣ ይከፍላል። ስሙ ያልገባው ጎረቤት ደግሞ ያንኑ ተፋሰስ በዘመቻ በነጻ ይቆፍራል። እስኪ እናንተ አስረዱት። ሪፖርት የሚጠየቀውም በኪሎ ሜትር ነው። ክረምቱ አልፎ ስንቱ ቆመ የሚል የለም።

ሸማች፦ ይኸው! ክፍያው ጎረቤት ያጣላል። ኮንሶን ማን ከፈለው? ዩኔስኮ በ2003 የመዘገበው እርከን በሴፍቲኔት ነው የተሠራው?

የወሎዋ፦ ኮንሶም ሴፍቲኔት ገብቷል፣ ወንድሜ። እርከን ቢኖርም ዝናብ ከቀረ ቀረ ነው።

ቡቃያ፦ ለቁፋሮው ሳይሆን ለውጤቱ ይከፈል። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ ከለሉ፣ ዛፉ ከጉቶው አቆጠቆጠ። ዛፉ ከአየር የሳበው ካርቦን ተሸጦ ብሩ ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ገባ። ዛፍ ከሌለ ብር የለም።

ዶማ፦ ለማኅበሩ ነዋ። ከብቱን ከተራራው ያስወጣው ግን እያንዳንዱ ነው።

ቡቃያ፦ ወፍጮና የእህል መጋዘን ተሠርቶበታል። ኪስ ካልገባ አይቆጠርም?

ዶማ፦ ወፍጮው ጥሩ ነው። የሚፈጭ ከተገኘ።

ሸማች፦ እሺ፣ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ሂዱ። ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ እየሸጠ አገሩን አለበሰው። ማንም ሳይከፍለው!

የወሎዋ፦ ማንም ሳይከፍለው? ከሰሉን የገዛው ከፈለው እንጂ! ለእርከኑም ገዢ አምጣለትና ዝም እንላለን።

ሸማች፦ ገበያና የመንግሥት ብር አንድ ሆነ? በቃ፣ ከእናንተ ጋር አይሆንም።

ጋሽ ነቃሽ፦ የዲከረንስ ከሰል ግን እንደ ግራሩ አይበረታም። ቶሎ ያልቃል።

ልማት ጣቢያ፦ ጋሼ ደግሞ ጀመሩ።